ማይክሮዌቭ ሲያገኘው ብርሃኑ የሚቀንስ አንድ ሞለኪውል

ጥያቄ፦ «የፊዚክስ ሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። በክሪስታል ውስጥ ያለ አንድ የፔንታሲን ሞለኪውል በሌዘር እየበራ ሳለ ማይክሮዌቭ ሲለቀቅበት ፍሎረሰንሱ (በሌዘሩ ተነሥቶ መልሶ የሚለቀው ብርሃን) እንደሚቀንስ አነበብሁ። ማይክሮዌቭ ተጨማሪ ኢነርጂ የሚሰጥ ከሆነ ብርሃኑ መጨመር ሲገባው ለምን ይቀንሳል? የስፒን ሬዞናንስ ለመለካት በቢሊዮን የሚቆጠሩ ስፒኖች ያስፈልጋሉ እየተባለስ የአንድ ሞለኪውል ስፒን ሽግግር እንዴት ሊታይ ቻለ?»

ምላሽ፦ ጥያቄዎ ሁለት ይምሰል እንጂ መልሱ አንድ ነው። ማይክሮዌቩ በስፒኑ (ኤሌክትሮንን እንደ ትንሽ ማግኔት በሚያደርገው ባሕርይ) ላይ የሚሠራውን ሥራ በቀጥታ አናየውም፤ የምናየው ሞለኪውሉ ብርሃን ሳይሰጥ የሚቆይበት ጊዜ መርዘሙን ወይም ማጠሩን ነው። ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት ግን በጥያቄዎ ውስጥ ያደረ አንድ ግምት ማንሣት አለብኝ፤ ይኸውም ማይክሮዌቭ ለሞለኪውሉ ኢነርጂ ይጨምርለታል የሚለው ነው። በዚህ ሙከራ ውስጥ የማይክሮዌቩ ኢነርጂ ለብርሃኑ የሚያዋጣው ነገር የለም። በ593 ናኖሜትር አካባቢ ያለ የሌዘር ብርሃን ፍሪኩዌንሲው 505 ቴራኸርዝ ገደማ ሲሆን በሙከራው የሚሠራበት ማይክሮዌቭ 1.48 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው፤ ስለዚህ አንድ የብርሃን ፎቶን የተሸከመውን ኢነርጂ ለማሟላት 340,000 ያህል የማይክሮዌቭ ፎቶኖች ይፈለጋሉ። የውሃ ወፍጮ አይተው ከሆነ ነገሩ ይገባዎታል፦ ከላይ በቦዩ አፍ ላይ አንድ አካፋ አፈር ጥሎ ውሃውን የሚጠልፍ ሰው ለድንጋዩ የጨመረውም ሆነ ከራሱ ጉልበት የቀነሰው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ ወፍጮው ግን ይቆማል። ማይክሮዌቩም እንዲሁ ጠላፊ ነው።

የሚጠለፈው ምን እንደሆነ ለማወቅ የሞለኪውሉን ኑሮ መከተል ያስፈልጋል። ፔንታሲን አምስት የቤንዚን ቀለበቶች በአንድ ረድፍ የተጋጠሙበት፣ 22 የካርቦንና 14 የሃይድሮጅን አተሞች ያሉት ጠፍጣፋ ሞለኪውል ነው። ፓራ-ተርፌኒል በሚባል ክሪስታል ውስጥ እጅግ በጥቂቱ ተበትኖ፣ በፈሳሽ ሄሊየም ወደ 2 ኬልቪን አካባቢ ይቀዘቅዛል። ሌዘሩ ሞለኪውሉን ከዝቅተኛው የሲንግሌት ሁኔታ (የሁለቱ ኤሌክትሮኖች ስፒን ከሚጣፋበት) ከእርሱ በላይ ወዳለው የመጀመሪያ የሲንግሌት ሁኔታ ያነሣዋል፤ ሞለኪውሉም በ24 ናኖሰከንድ ገደማ ውስጥ ተመልሶ ይወርዳል፣ ሲወርድም በአብዛኛው የፍሎረሰንስ ፎቶን ይለቃል። ሌዘሩ በቂ ብርታት ካለው ይህ መነሣትና መውረድ በሰከንድ ውስጥ በሚሊዮን ጊዜ ይደጋገማል። ከላይኛው ሁኔታ የሚወርድበት ሌላ መንገድ ባይኖር ኖሮ ሞለኪውሉ ሳያቋርጥ በበራ ነበር።

ነገር ግን ሌላ መንገድ አለ። በዚህ ክሪስታል ውስጥ ኦ-አንድ በሚባለው ቦታ የተቀመጠ ፔንታሲን ከሁለት መቶ ጊዜ አንድ ጊዜ ያህል፣ ማለትም በ0.5 በመቶ ዕድል፣ ወደ ታች መውረዱን ትቶ ወደ ትሪፕሌት ሁኔታ ይሻገራል። በሲንግሌት ሁኔታ የሁለቱ ኤሌክትሮኖች ስፒን ተቃራኒ ሆኖ ይጣፋል፤ በትሪፕሌት ሁኔታ ግን ሁለቱ ተደምረው አንድ ሙሉ ስፒን ይሠራሉ። ከትሪፕሌት ወደ ዝቅተኛው ሲንግሌት መውረድ የስፒን ሕግ የሚከለክለው በመሆኑ እጅግ አዝጋሚ ነው፤ ሞለኪውሉም እዚያ እስካለ ድረስ ለዚያ ሌዘር ዕውር ነው፣ ምክንያቱም ሌዘሩ የተቃኘው ለሌላ ሽግግር ነው። ስለዚህ ፍሎረሰንሱ ወጥ ፍሰት አይደለም። ጥቂት ማይክሮሰከንድ የሚቆይ የፎቶን ውርጅብኝ፣ ቀጥሎ በአስርና በመቶ ማይክሮሰከንድ የሚለካ ጨለማ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ውርጅብኝ ይፈራረቃሉ። በተለመደው መቁጠሪያ ላይ አንድ ወጥ ብርሃን መስሎ የሚታየው የእነዚህ የብርሃንና የጨለማ ክፍለ ጊዜዎች አማካይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ትሪፕሌት አንድ ሁኔታ ሳይሆን ሦስት ነው። ምንም ውጫዊ መግነጢሳዊ መስክ ባይኖር እንኳ ሁለቱ ኤሌክትሮኖች እርስ በርሳቸው እንደ ትናንሽ ማግኔቶች ስለሚገፋፉና ሞለኪውሉም በሦስቱ አቅጣጫዎች እኩል ቅርጽ ስለሌለው፣ ሦስቱ እርከኖች በኢነርጂ ተለያይተው ይገኛሉ። እንደ ሞለኪውሉ ሦስት ዘንጎች ኤክስ፣ ዋይ እና ዜድ ተብለው ይጠራሉ። በፔንታሲን ኤክስ ከሁሉም በላይ፣ ዜድ ከሁሉም በታች ነው፤ በኤክስና በዜድ መካከል ያለው ልዩነት 1,480 ሜጋኸርዝ፣ በዋይና በዜድ መካከል ያለው 1,360 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው። በጠባያቸውም አይመሳሰሉም። ከሲንግሌት የሚሻገረው ሞለኪውል በብዛት የሚያርፈው በኤክስ ላይ ነው፤ ወደ ዜድ የሚመጣው ጥቂት ነው። ከኤክስና ከዋይ ወደ ዝቅተኛው ሁኔታ የሚደረገው መውረድ ሲነጻጸር ፈጣን ሲሆን፣ ከዜድ የሚደረገው ግን እጅግ ዘገምተኛ ነው። በ2 ኬልቪን ቅዝቃዜ የክሪስታሉ ንዝረት ስለሚረግብ፣ በራሱ ከአንዱ እርከን ወደ ሌላው የሚያላጋው ነገር የለም፤ በኤክስ የገባ ከኤክስ ይወጣል፣ በዜድ የገባም በዜድ ይከርማል።

በዚህ ላይ በ1,480 ሜጋኸርዝ የተቃኘ ማይክሮዌቭ ሲለቀቅ፣ በኤክስ አርፎ ቶሎ ሊመለስ የነበረው ሞለኪውል ወደ ዜድ ይወሰዳል፤ እዚያም ይቆያል። ጨለማው ይረዝማል፣ በአንድ ሰከንድ ውስጥ የሚገኙት የብርሃን ውርጅብኞች ቁጥር ያንሳል፣ አማካይ ፍሎረሰንሱም ይቀንሳል። ልብ ይበሉ፣ ኤክስ ከዜድ በላይ ስለሆነ ማይክሮዌቩ ሞለኪውሉን የወሰደው ወደ ታች ነው። ይኸውም ሞለኪውሉ ከማይክሮዌቩ ኢነርጂ አልተቀበለም፤ ተቀስቅሶ የራሱን ሰጠ እንጂ። ይህ የቃላት ጨዋታ አለመሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ አለ፦ እ.ኤ.አ. በ2012 በእንግሊዝ አገር ማርክ ኦክስቦሮና ባልደረቦቹ በተራ የክፍል ሙቀት የሚሠራ ሜዘር፣ ማለትም የማይክሮዌቭ ሌዘር፣ የሠሩት በዚሁ በፓራ-ተርፌኒል ውስጥ ባለ ፔንታሲን ነው። የተጠቀሙበትም ከኤክስ ወደ ዜድ የሚደረገውን ይህንኑ ሽግግር ነው፤ ፍሪኩዌንሲው በክፍል ሙቀት 1.45 ጊጋኸርዝ ያህል ነው። ኤክስ ከዜድ ይልቅ ባይሞላ ኖሮ ማጉላት አይቻልም ነበር።

ቅናሹ በምን ያህል እንደሚመጣ ለመገመት ለስሌት የሚመቹ ቁጥሮች ልውሰድ። ብርሃናማው ክፍለ ጊዜ በአማካይ 10 ማይክሮሰከንድ፣ ጨለማው በአማካይ 40 ማይክሮሰከንድ ይሁን። ሞለኪውሉ የሚበራው ከጊዜው 20 በመቶውን ነው። ማይክሮዌቩ የጨለማውን አማካይ ወደ 60 ማይክሮሰከንድ ካራዘመው፣ የሚበራበት ድርሻ ከ70 ውስጥ 10፣ ማለትም 14 በመቶ ገደማ ይሆናል። ፍሎረሰንሱ በሦስት አሥረኛ ግድም ወረደ ማለት ነው። በብርሃናማው ጊዜ ውስጥ የተለወጠ ነገር እንደሌለ ያስተውሉ፤ እያንዳንዱ ፎቶን ያው ቀለም፣ ያው ፍጥነት አለው። የተለወጠው ዝምታው ብቻ ነው። ሌዘሩ ደካማ ከሆነ ደግሞ ብርሃናማው ክፍለ ጊዜ ስለሚረዝም ያው የጨለማ መርዘም የሚያስከትለው ቅናሽ ያንሳል፤ ስለዚህ ምልክቱን ለማየት የሌዘሩን ብርታት መምረጥ ከማይክሮዌቩ ብርታት የማያንስ ጥበብ ይጠይቃል።

«ማይክሮዌቭ ፍሎረሰንስን ይቀንሳል» የሚለውን እንደ ሕግ እንዳይዙት አሳስባለሁ። የሚወስነው የትኛው እርከን እንደሚሞላና የትኛው እንደሚዘገይ ነው። በብዛት የሚሞላው እርከን ዘገምተኛው በሆነበት ሞለኪውል፣ ማይክሮዌቩ ወደ ፈጣኑ ስለሚያሸጋግረው ጨለማው ያጥራል፣ ብርሃኑም ይጨምራል። በፔንታሲንም ቢሆን ኤክስንና ዋይን የሚያገናኘው ሽግግር ሁለቱም ፈጣን ስለሆኑ በብርሃኑ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄዎ አሁን ቀላል ይሆናል። በተለመደው የኤሌክትሮን ስፒን ሬዞናንስ ሁለት ድክመቶች ይደራረባሉ። አንደኛ፣ የሚለካው የተዋጠው ማይክሮዌቭ ራሱ ነው፤ አንድ የማይክሮዌቭ ፎቶን ደግሞ በክፍል ሙቀት ካለው የሙቀት ጫጫታ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ሁለተኛ፣ በዚህ ፍሪኩዌንሲና በክፍል ሙቀት በላይኛውና በታችኛው እርከን ባሉት ስፒኖች መካከል ያለው የቁጥር ልዩነት ከ10,000 አንድ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ወደ ላይ የሚወሰዱትና ወደ ታች የሚወርዱት እርስ በርስ ይጣፋሉ። የተነገረዎት የቢሊዮኖች ቁጥር ከዚህ የመጣ ነው። እዚህ ግን እርከኖቹን የሚሞላቸው ሙቀት ሳይሆን ከሲንግሌት የሚደረገው መራጭ ሽግግር ነው፣ ልዩነቱም ትልቅ ነው። የሚቆጠረውም የማይክሮዌቭ ፎቶን ሳይሆን የሚታይ ብርሃን ፎቶን ነው፤ እርሱን አንድ በአንድ የሚቆጥር መሣሪያ ደግሞ አለ። ሞለኪውሉ አንድ ጊዜ ወደ ዜድ በተወሰደ ቁጥር ይወጡ የነበሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ የብርሃን ፎቶኖች ይቀራሉ። ትንሹ ክስተት በትልቁ ይጻፋል።

«አንድ ሞለኪውል መሆኑስ በምን ይታወቃል?» ብለው እንደሚጠይቁ እገምታለሁ፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። በክሪስታሉ ውስጥ ያሉት የፔንታሲን ሞለኪውሎች አካባቢያቸው በጥቂቱ ስለሚለያይ፣ እያንዳንዱ ብርሃን የሚውጥበት ፍሪኩዌንሲም ይለያያል። በዚህ ቅዝቃዜ የአንዱ ሞለኪውል የመዋጥ መስመር ስፋት ወደ 8 ሜጋኸርዝ ይጠብባል፤ የሁሉም ሞለኪውሎች ስርጭት ግን በጊጋኸርዝ ይለካል። ስለዚህ ጠባብ ሌዘር ይዞ በስርጭቱ ጠርዝ ላይ የቆመ ሰው፣ ሌሎቹ ዝም እያሉ አንዱን ብቻ ማናገር ይችላል። ዊሊያም ሞርነርና ሎታር ካዶር በካሊፎርኒያ በአይ.ቢ.ኤም. የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1989 የአንድ ሞለኪውል የብርሃን መዋጥን ያዩት በዚሁ ክሪስታል ነው፤ ሞርነር በ2014 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ከተጋሩት ሦስት ሰዎች አንዱ ሆኗል። በ1990 ሚሼል ኦሪትና ዣኪ በርናር በፈረንሳይ በቦርዶ ያንኑ በፍሎረሰንስ አሳዩ፤ ይህ ዘዴ ከጀርባ ጫጫታ እጅግ የጠራ በመሆኑ ሌላው ሁሉ በእርሱ ላይ ተገነባ። የመጨረሻው ማረጋገጫ በ1992 መጣ፦ አንድ ሞለኪውል አንድ ፎቶን ለቅቆ እንደገና ሳይነሣ ሁለተኛውን ሊለቅ አይችልም፣ ስለዚህ ሁለት ፎቶኖች በአንድ ቅጽበት ፈጽሞ መገኘት የለባቸውም። ይህ የፎቶኖች መራራቅ በፔንታሲን ላይ ተለክቶ ታየ። ሁለት ሞለኪውሎች ቢሆኑ ኖሮ መራራቁ በግማሽ ብቻ በታየ ነበር።

ከዚያ በ1993 ሁለት ቡድኖች ውጤታቸውን በአንድ የኔቸር መጽሔት እትም ጎን ለጎን አወጡ። አንዱ በሆላንድ የላይደን ቡድን ከሞርነር ጋር፣ ሌላው የቦርዶና የበርሊን ተመራማሪዎች ጥምረት ነበር፤ ከኋለኛው ውስጥ ዮርግ ቭራክትሩፕ ይገኝበታል። ሁለቱም የአንድ ፔንታሲን ሞለኪውል ፍሎረሰንስ ላይ ቆመው የማይክሮዌቩን ፍሪኩዌንሲ ቀስ እያሉ ሲያሳልፉ፣ በኤክስ-ዜድና በዋይ-ዜድ ሽግግሮች ላይ ብርሃኑ ሲወርድ አዩ። በዚያው ዓመት የአንዱ ሞለኪውል ስፒን በማይክሮዌቭ ምት ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ ሊመራ እንደሚችልም ታየ።

ከእነዚህ ልኬቶች ውስጥ እኔን አብልጦ የሚያስገርመኝ የመስመሩ ቅርጽ፣ ማለትም ብርሃኑ በየማይክሮዌቭ ፍሪኩዌንሲው የሚወርድበት ንድፍ፣ ነው። አንድ ሞለኪውል ብቻ ከሆነ መስመሩ ቀጭን መሆን አለበት ብሎ የሚጠብቅ ብዙ ነው፤ እውነቱ ግን የአንዱም መስመር በአንድ በኩል የተዘረጋና ከብዙዎቹ መስመር ብዙም የማይጠብብ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ በሞለኪውሉ ላይ ያሉት የ14ቱ ሃይድሮጅኖች ኒውክሊየሶች ናቸው። የየራሳቸው ስፒን አቅጣጫ በተለወጠ ቁጥር የኤሌክትሮኖቹ ሬዞናንስ በጥቂቱ ይንሸራተታል፤ ልኬቱ ደቂቃዎች ስለሚወስድ በዚያ ጊዜ ውስጥ አንዱ ሞለኪውል ብዙ ሞለኪውሎች በአንድ ቅጽበት የሚይዙትን አቋም ሁሉ በየተራ ያልፍበታል። ሃይድሮጅኑ በዲዩቴሪየም (በከባዱ የሃይድሮጅን ዓይነት) ሲተካ መስመሩ ይጠብባል። በአንጻሩ በጊዜ የማይለወጥ ልዩነት በአንድ ሞለኪውል ላይ ገሃድ ይወጣል፦ ከተፈጥሮ ካርቦን 1.1 በመቶው ካርቦን-13 (ኒውክሊየሱ ስፒን ያለው የካርቦን ዓይነት) ስለሆነ፣ 22 ካርቦን ካላቸው ፔንታሲኖች ከመቶ 22 ያህሉ ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ አተም ይይዛሉ። የላይደን ቡድን በ1995 አንዲት የካርቦን-13 ኒውክሊየስ በያዘ አንድ ሞለኪውል ላይ፣ ያቺ ብቸኛ ኒውክሊየስ መስመሩን ለሁለት ስትሰነጥቀው አሳየ። በብዙ ሞለኪውሎች ድምር ውስጥ ይህ ተውጦ ይቀራል።

ዝላዩ ራሱ በዓይን ይታያል ወይ ለሚለው ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከላይ የጠቀስኋቸው የ1993 ልኬቶች የብዙ ዑደቶች አማካይ ናቸው። ከወጡት ፎቶኖች ወደ መቁጠሪያው የሚደርሱት ጥቂቶች በመሆናቸው፣ በፔንታሲን አንድ ውርጅብኝ ውስጥ የሚቆጠረው አንድ ሁለት ፎቶን ሊሆን ይችላል፤ በዚህ መጠን «እዚህ ላይ ገባ፣ እዚህ ላይ ወጣ» ማለት አይቻልም። የሚደረገው የፎቶኖቹን የመድረሻ ሰዓት መዝግቦ፣ አንዱ ከደረሰ በኋላ ሌላው በስንት ጊዜ ልዩነት እንደሚመጣ መቁጠር ነው፤ ከዚህ ቁጥር የትሪፕሌት እርከኖቹ ዕድሜ ይነበባል። ዝላይ በቀጥታ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1986 በሲያትል፣ በሃምቡርግና በቦልደር በታሰሩ ነጠላ አዮኖች ላይ ነው፤ ለሞለኪውልም በ1995 የሙኒክ ተመራማሪዎች፣ ብርሃኑ ድንገት ሲጠፋና ድንገት ሲመለስ አንድ በአንድ መዝግበዋል። በዚያ መዝገብ ላይ መብራቱ ቀስ ብሎ አይደበዝዝም፤ አለ፣ ከዚያ የለም።

ሙከራውን ራስዎ መሥራት ካሰቡ በፔንታሲን አይጀምሩ። ፈሳሽ ሄሊየም በሌለበት ዩኒቨርሲቲ የሚሆነው በአልማዝ ውስጥ ያለው የናይትሮጅንና የክፍተት ጥምር፣ በተለምዶ ኤን-ቪ የሚባለው ጉድለት ነው። አንድ የካርቦን አተም በናይትሮጅን ተተክቶ ጎረቤቱ ባዶ ሲሆን የሚፈጠር ሲሆን፣ በአንድ ኤን-ቪ ላይ መግነጢሳዊ ሬዞናንስ በብርሃን የተለካው በ1997 በኬምኒትስ ከተማ ነው። ነገሩ እዚህ ከፔንታሲን ይገለበጣል፦ ትሪፕሌት የሆነው ዝቅተኛው ሁኔታ ራሱ ነው፣ ስለዚህ ስፒኑ ሌዘሩ ጠፍቶም ይኖራል። በአረንጓዴ ሌዘር ሲበራ ዜሮ የሚባለው የስፒን እርከን በደንብ ያበራል፤ ፕላስ አንድና ማይነስ አንድ የሚባሉት ግን ጨለማ በሆነ የሲንግሌት መንገድ ያልፋሉ፣ በዚያውም ወደ ዜሮ ይመለሳሉ። ስለዚህ በ2.87 ጊጋኸርዝ ማይክሮዌቭ ሲለቀቅ ቀዩ ብርሃን ይቀንሳል፤ በአንድ ኤን-ቪ ላይ ቅናሹ እስከ 30 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ይህ ሁሉ በክፍል ሙቀት ነው። በ2010 የሽቱትጋርት ቡድን በዚሁ ጉድለት ውስጥ ያለውን የናይትሮጅን ኒውክሊየስ ስፒን ዝላይ በክፍል ሙቀት አንድ በአንድ አንብቦታል።

ለመጀመሪያ ሙከራ አንድ ብቻውን የቆመ ኤን-ቪ መፈለግም አያስፈልግዎትም፤ ብዙ ኤን-ቪ ያለበት ትንሽ አልማዝ፣ አረንጓዴ ሌዘር፣ ቀይ ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ፣ ፎቶዳዮድ፣ እስከ 3 ጊጋኸርዝ የሚደርስ የማይክሮዌቭ ምንጭና በአልማዙ ላይ የተጋደመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ይበቃል። ብዙ ስለሆኑ ቅናሹ ከ30 በመቶ እጅግ ያነሰ፣ አንዳንዴም ከአንድ በመቶ በታች ይሆናልና ማይክሮዌቩን እያበሩና እያጠፉ ልዩነቱን መለካት ይሻላል። ትንሽ ማግኔት ሲያቀርቡ ጉድጓዱ፣ ማለትም በ2.87 ጊጋኸርዝ ላይ ብርሃኑ የሚወርድበት ቦታ፣ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ሁለቱ ክንፎች በጉድለቱ ዘንግ አቅጣጫ ላለ ለእያንዳንዱ ጋውስ (የመግነጢሳዊ መስክ መለኪያ) በ5.6 ሜጋኸርዝ ይራራቃሉ። በአልማዝ ውስጥ አራት ዓይነት የዘንግ አቅጣጫ ስላለ እስከ ስምንት ጉድጓድ ሊያዩ ይችላሉ። ስምንቱ በደንብ ተለይተው ካልታዩ የሽቦውን ቦታ ከመለዋወጥ በፊት ማግኔቱን አዙሩት፤ አቅጣጫው ከክሪስታሉ ጋር ተመሳስሎ አንዳንዶቹ ጉድጓዶች ተደራርበው ሊሆን ይችላል።